አንድ ደንበኛ፣ አምስት በር
ለማኅበርና ለመሥሪያ ቤት የሚሸጥ ነጋዴ ለማን ምን ይበል?

በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ በዘመሮ ገበያ በግ የሚሸጥ ሰው ደንበኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ገዢው ይመጣል፤ የበጉን ወገብ ይዳብሳል፤ ላቱን በእጁ ይመዝናል፤ ጥርሱን ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ደላላ በመካከል ቢገባም ነገሩ ያው ነው። የሚመርጠው፣ የሚከፍለውና ወስዶ የሚያርደው አንድ ሰው ነው። እሱን ያሳመነ ይሸጣል፤ ያላሳመነ በጉን እየነዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ያው ነጋዴ በጉን ትቶ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል ወፍጮ ልሽጥ ያለ ዕለት ግን ገበያው ሌላ ይሆንበታል። ወፍጮውን የሚመርጠው አንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ሌላ፣ እህሉን ይዞ የሚመጣው ሌላ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ማኅተም ሥር ናቸው። ሆኖም የሚፈልጉት አንድ አይደለም፤ የሚፈሩትም አንድ አይደለም።

ብዙው ነጋዴ እዚህ ላይ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው። “ዋናውን ሰው ያዝ” ይባላል። ሊቀመንበሩን ወይም ሥራ አስኪያጁን ማግኘት፣ ምሳ መጋበዝ፣ ቃል መቀበልና ዕቃውን መጫን ነው። “ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች” እንደሚባለው፣ የሊቀመንበሩን ቃል አምኖ ካፒታሉን ያሰረ ነጋዴ ሌሊቱ የከፋ ሊሆንበት ይችላል። ቃል የሰጠው ሰው ብቻውን ሊገዛ አይችልምና።

ማኅተሙ አንድ፣ ሰዉ ብዙ

ለመሆኑ ማኅበር ሲገዛ የሚገዛው ማን ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሥልጣኑን ለአንድ ሰው አልሰጠም። ከሁሉ በላይ የአባላት ጠቅላላ ጉባዔ አለ። ከሥሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ከጎኑ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴ ይገኛል። የዕለት ሥራውን ተቀጣሪው ሥራ አስኪያጅ፣ ሂሳብ ሠራተኛውና ንብረት ጠባቂው ያከናውናሉ። በጉባዔው አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። አሥር ዕጣ የገዛውም ሆነ አንድ ዕጣ የገዛው እጁን የሚያወጣው አንዴ ነው። በአክሲዮን ማኅበር እንደሚሆነው ትልቁን ባለ አክሲዮን አሳምኖ ሌላውን መርሳት እዚህ አይሠራም።

ነገሩ በኅብረት ሥራ ማኅበር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በዕርዳታ ድርጅትም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሬድሪክ ዌብስተርና ዮራም ዊንድ የተባሉ ሁለት ምሁራን ድርጅቶች እንዴት እንደሚገዙ ባቀረቡት ጥናት፣ በአንድ ግዥ ውስጥ አምስት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ አሳይተዋል። እነሱም ተጠቃሚው፣ ሐሳብ ሰጪው፣ ገዢው፣ ወሳኙና በር ጠባቂው ናቸው። አንዳንዴ አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይይዛል፤ አንዳንዴ ለአንዱ ቦታ አሥር ሰው ይኖራል። ሻጩ ግን አምስቱንም ቦታዎች ማወቅ አለበት።

ይህ ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። በቀድሞው ዘመን ለትልቅ ጌታ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ሰው ጌታውን ከማየቱ በፊት አጋፋሪውን ማለፍ ነበረበት። ዕቃው ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በጅሮንዱ አለ፤ የቤቱን ሥራ የሚመራው አዛዥ አለ። የጌታው ፈቃድ ብቻውን ዕቃውን ከበር አያስገባም፤ ሂሳቡንም አያስከፍልም። ዛሬ ስማቸው ተለወጠ እንጂ ሰዎቹ አሉ።

ሁኔታውን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ለአንድ የዘመሮ አካባቢ ማኅበር ወፍጮ ለመሸጥ ተነሣ እንበል። በእጁ የፋብሪካው ባለ ቀለም መግለጫ አለ። በሰዓት ምን ያህል እንደሚፈጭ፣ የሞተሩ ጉልበት ስንት እንደሆነ፣ የትኛው አገር እንደተሠራ ይናገራል። ይህን አንድ ወረቀት ለሁሉም ቢያድል ማንም አይቃወመውም። ግን ማንንም አያሳምንም። በእያንዳንዱ በር የሚጠየቀው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለምና።

የመጀመሪያው በር፡- እህሉን ይዘው የሚመጡት

ወፍጮ ቤት የሚሄዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው የባል ስም ነው። በዚህ ምክንያት ሻጩ ከወንዶቹ ጋር ሲነጋገር ውሎ ይመለሳል፤ ማሽኑን በየሳምንቱ የሚፈርዱበትን ሰዎች ሳያነጋግር ይቀራል።

የእነሱ ጥያቄ የፈረስ ጉልበት አይደለም። መንዝ የገብስ አገር ነው። ለእንጀራ የሚፈጨውና ለበሶ የሚፈጨው ገብስ አንድ ዓይነት ልመት አይፈልግም። ሽሮ በበርበሬ ማግስት ከተፈጨ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ለበርበሬና ለሽሮ የተለየ አለው ወይ?” የሚል ነው። ሁለተኛው “ዱቄቱ ይሞቃል ወይ?” ይሆናል። ሦስተኛው ተራ መጠበቅን ይመለከታል። ከሩቅ ጎጥ እህል ተሸክማ ወይም በአህያ ጭና የመጣች እናት በበዓል ዋዜማ ተራ ሳይደርሳት ከመሸ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ለእሷ መጥፎ ወፍጮ ነው።

ለዚህ በር የሚሆነው ንግግር ሳይሆን ሙከራ ነው። ተመሳሳይ ማሽን ወደሚሠራበት ቅርብ ከተማ ሁለት ወይም ሦስት አባላትን የራሳቸውን ገብስ አስይዞ መውሰድ፣ አስፈጭቶ ዱቄቱን በእጃቸው ማስነካት ከአሥር ወረቀት ይበልጣል። እነዚህ ሴቶች በጉባዔው እጅ ባያወጡ እንኳ ቤታቸው ገብተው የሚናገሩት ቃል በጉባዔው ዕለት የባሎቻቸውን እጅ ያወጣል፤ ወይም ያስወርዳል።

የወፍጮው ሠራተኛም ከዚሁ በር የሚቆጠር ነው። እሱ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ በስንት ጊዜ ይወቀራል? ቺንጋው ቢበጠስ፣ ኩሽኔታው ቢያልቅ መለዋወጫው የት ይገኛል? ዘመሮ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወይስ መርካቶ ድረስ መውረድ ነው? መብራት በጠፋ ቀን ሥራው ይቆማል ወይስ በናፍጣ ሞተር መቀጠል ይቻላል? ሻጩ ለእሱ ይዞ መቅረብ ያለበት ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች ዝርዝርና የሚገኙበትን ሱቅ ነው። ከማሽኑ ጋር ሁለት ትርፍ ቺንጋና አንድ ጥንድ ኩሽኔታ ማስቀመጥ ትልቅ ወጪ አይደለም። ለሠራተኛው ግን ማሽኑ ተሰብሮ ሕዝብ በሱ ላይ እንዳይጮህ የሚሰጥ ዋስትና ነው።

ሁለተኛው በር፡- ሐሳብ የሚጠየቀው ባለሙያ

ማኅበሩ ትልቅ ወጪ ከማውጣቱ በፊት የወረዳውን የኅብረት ሥራ ባለሙያ ማማከሩ የተለመደ ነው። ባለሙያው አይገዛም፤ አይከፍልም። ሆኖም “አልገባኝም” የሚለው አንድ ቃሉ ግዥውን ለአንድ ዓመት ሊያዘገየው ይችላል።

እሱ የሚያስበው ነገ ኦዲተር ሲመጣ ምን እንደሚባል ነው። ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ይህን ሥራ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል ወይ? ብድር ከተወሰደ በምን ይመለሳል? የአዋጭነት ስሌቱ የት አለ? ብዙ ሻጮች ይህን ሰው ደንቃራ አድርገው ይመለከቱታል። አንዳንዶችም በአለቃው በኩል ሊጫኑት ይሞክራሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ባለሙያው የሚፈልገው በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው፣ በማንም ፊት የሚያስረዳው ሁለት ገጽ ስሌት ነው። ስሌቱም መጥፎውን ዓመት ጭምር ማሳየት አለበት። ዝናብ የቀረበትን፣ ነዳጅ የተወደደበትን፣ መንገድ የተዘጋበትን ዓመት ማለት ነው። ትርፍ ብቻ የሚያሳይ ወረቀት ባለሙያን ያስጠረጥራል።

ሦስተኛው በር፡- ግዥ፣ ሂሳብና ቁጥጥር

እዚህ በር ላይ ስለ ዱቄት ልመት የሚናገር ሻጭ ጊዜውን ያባክናል። የግዥ ኮሚቴውና ሂሳብ ሠራተኛው የሚጠይቁት ወረቀት ነው። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ ማኅተም ያለበት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ዋጋው 15 በመቶውን ታክስ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ከክፍያው ላይ የሚቀነሰው ቅድመ ግብር ታስቧል ወይ? ማጓጓዣና መትከያ በማን ነው? በቃል “እንጨርሰዋለን” የተባለ ነገር ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ዛሬ ዋነኛ ጥያቄ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አስመጪው ፕሮፎርማውን ለአጭር ቀን ብቻ ማጽናት ይፈልጋል። ማኅበሩ ደግሞ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ፣ ጉባዔ እስኪጠራ ወራት ይፈጅበታል። ሁለቱ ካልተገናኙ ጉባዔው ያጸደቀው ዋጋ በማግስቱ የሌለ ዋጋ ይሆናል። ብልህ ሻጭ ይህን አስቀድሞ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ይነጋገርበታል። ከውጭ የሚመጣውን ክፍልና እዚሁ የሚሠራውን ለይቶ ዋጋ መስጠት፣ ምንዛሪው ከዚህ መጠን ካለፈ ዋጋው በዚህ ስሌት ይታያል ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ጉባዔው የሚያጸድቀው ጣሪያውን አውቆ ነውና በኋላ የሚያስደነግጠው ነገር አይኖርም።

የቁጥጥር ኮሚቴው ደግሞ የሚፈራው ሐሜት ነው። “ለምን ከእሱ ተገዛ?” ተብሎ በጉባዔ ሲጠየቅ መልስ ያስፈልገዋል። ሻጩ ከተፎካካሪ ጋር መወዳደርን እንደ ስድብ መቁጠር የለበትም። ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፎርማዎች ፋይሉ ውስጥ መኖራቸው ለራሱም መከላከያው ነው። አሸንፎ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ጉባዔ ስሙ አይነሣም።

አራተኛው በር፡- እጅ የሚያወጡት

ሥራ አመራሩ ሐሳቡን ተቀብሎ ለጠቅላላ ጉባዔ ሲያቀርብ ሻጩ በቦታው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለሊቀመንበሩ መስጠት ያለበት በጉባዔ ፊት ቆመው ሊናገሩት የሚችሉትን ቀላል ሂሳብ ነው። ይህ ሂሳብ ገበሬው በጣቱ ቆጥሮ የሚደርስበት መሆን ይኖርበታል።

ለምሳሌ የማሽኑ፣ የመጠለያውና የመትከያው ወጪ በድምሩ 600,000 ብር ቢሆንና ከአንድ ኩንታል ማስፈጫ የሠራተኛው፣ የመብራቱና የጥገናው ተቀንሶ 60 ብር ቢተርፍ፣ ወጪውን ለመመለስ 10,000 ኩንታል መፈጨት አለበት። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በቀን 20 ኩንታል ከተፈጨ 500 የሥራ ቀን ይጠይቃል። በወር 25 ቀን ይሠራል ብሎ የከተማው ሻጭ ሲያሰላው 20 ወር ይሆናል።

ወረቀቱ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በመንዝ ሰንበትን፣ የሚካኤልን 12፣ የገብርኤልን 19፣ የማርያምን 21፣ የመድኃኔ ዓለምን 27፣ የበዓለ ወልድን 29 የማያውቅ አባል በጉባዔው ውስጥ አይገኝም። የወረዳው ስም ራሱ ገብርኤል ነው። በበዓል ቀን ወፍጮ ማስጮህ ነውር በሆነበት አገር የሥራው ቀን በወር ወደ 16 ቢወርድ፣ ያው 500 ቀን 31 ወር ይሆናል። ከ20 ወር ወደ 31 ወር ማለት የብድር ወለድ ልዩነት ነው፤ የሊቀመንበሩም የክብር ጉዳይ ነው። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው “ልጄ፣ በዓሉን አስበኸዋል?” ቢሉ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

በሌላ በኩል በዓሉ የሚቀንሰው የሥራ ቀን እንጂ የሚበላውን እህል አይደለም። በዋዜማው ወፍጮ ቤቱ ይጨናነቃል። ስለዚህ ማሽኑ በዋዜማ ቀን 20 ብቻ ሳይሆን 35 ኩንታል መፍጨት ይችል እንደሆነ ማስረዳት የሻጩ ጠንካራ ክርክር ሊሆን ይችላል። አንዱን አገር የሚያውቅ ሻጭ ከማያውቀው የሚለየው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ዕውቀቱን ያገኘው ደግሞ ከመጀመሪያው በር፣ ከሴቶቹና ከወፍጮው ሠራተኛ ነው። በሮቹ የሚያያዙት በዚህ ነው።

አምስተኛው በር፡- ቁልፉን የያዘው

የመጨረሻው ሰው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ነው። ደብዳቤ የሚቀበለው፣ ቀጠሮ የሚይዘው፣ መጋዘን የሚከፍተው ሰው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ካልቆረጠ፣ በማኅበርም የንብረት ገቢ ደረሰኝ ካልተጻፈ ክፍያ አይንቀሳቀስም።

ንብረት ጠባቂው የሚፈራው የጎደለ ዕቃ ነው። ማሽኑ በሦስት ሣጥን መጥቶ አንዱ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው። ሻጩ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የየሣጥኑን ዝርዝር በአማርኛ ጽፎ ለእሱ ቢልክለት፣ የሚደርስበትን ቀንና የመኪናውን ሁኔታ ቢነግረው፣ ማውረጃ ሰው እንዲያዘጋጅ ቢጠይቀው ክፍያው በሳምንታት ሊፈጥን ይችላል። መኪናው በጨለማ ደርሶ “ቶሎ ፈርም” የሚል ሹፌር ግን አምስት ወር የተለፋበትን ግንኙነት በአንድ ሌሊት ያበላሻል።

መንገዱ ራሱ አንድ ጥያቄ መሆኑም አይዘነጋም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ካደረሰው ግጭት ወዲህ፣ ወደ መንዝ ዕቃ የሚያደርስ ሻጭ መኪናው ቢዘገይ ወይም መንገድ ቢዘጋ ኪሳራው በማን እንደሚሆን በውሉ ውስጥ ካልጻፈ፣ ችግሩ በደረሰ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። ማኅበሩ ያወጣው ገንዘብ የአባላት ዕጣ ነው፤ አስመጪው የያዘው ደግሞ የባንክ ብድር ሊሆን ይችላል።

ቋንቋው ይለያይ፣ እውነቱ አይለያይ

ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን መናገር ማለት ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር መናገር ማለት አይደለም። ብዙ ሻጮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ለሊቀመንበሩ አንድ ዋጋ፣ ለሂሳብ ሠራተኛው ሌላ ዋጋ፤ ለሠራተኛው የሁለት ዓመት ዋስትና፣ በውሉ ላይ ስድስት ወር። በትልቅ ከተማ ይህ ለጊዜው ሊሸፈን ይችል ይሆናል። በትንሽ ከተማ ግን ሊቀመንበሩ፣ ሂሳብ ሠራተኛውና ንብረት ጠባቂው በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገናኛሉ። የተነገራቸውን በማግስቱ ያስተያያሉ። ዋጋው፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚደርስበት ቀንና ዋስትናው ለአምስቱም በር አንድ መሆን አለበት። የሚለየው ከየትኛው ነጥብ እንደሚጀመርና የትኛው እንደሚብራራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል “ጉርሻ” ነው። አንዳንድ ደላላ የየበሩን ሰው ማወቅ ማለት ለየበሩ ማን ስንት እንደሚበቃው ማወቅ ይመስለዋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኛን ብቻ አይደለም። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድሩ ሕዝባዊ ድርጅቶችንም ይጨምራል። ከሕጉም ሌላ የንግድ ስሌቱ ራሱ ኪሳራ ነው። ለአንዱ የተሰጠ ጉርሻ ሌሎቹን አራቱን ባላንጣ ያደርጋል። ሊቀመንበሩ በምርጫ በወረዱ ጊዜ ደግሞ ሻጩ አብሮ ይወርዳል።

ታዲያ ደላላው ምን ሥራ ይቀረዋል? በእርግጥ ብዙ ይቀረዋል። የበግ ደላላ ዋጋው ሁለት ሰው ማገናኘቱ ነበር። የድርጅት ደላላ ዋጋው ግን ጉባዔው መቼ እንደሚጠራ፣ የማኅበሩ የበጀት ዓመት መቼ እንደሚዘጋ፣ ባለፈው ጊዜ የተገዛው ማሽን ለምን እንደቆመ፣ ማን ተቆጥቶ እንደቀረ ማወቁ ነው። ይህን የሚያውቅ ደላላ ኮሚሽኑን በግልጽ በደረሰኝ ሊጠይቅ ይችላል። ክፍያውም ስምምነት በተፈረመ ዕለት ሳይሆን ማሽኑ ተተክሎ መሥራት በጀመረ ዕለት ቢሆን ለሁሉም ይበጃል።

መንዝ ሲሸጥስ?

እስካሁን የታየው መንዝ ሲገዛ ነው። ሲሸጥም ያው ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ቁመና ያለው፣ ብርድና ድርቅ የሚችል፣ ላቱ አጭርና ስብ የሆነ፣ ጸጉሩ ለባና መሥሪያ የሚያገለግል ዝርያ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶቹ ኢካርዳና ኢልሪ፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገር ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከላት በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬው ራሱ የሚሳተፍበት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀምረዋል። አርቢዎች የጠቦቶቻቸውን ክብደት ያስመዘግባሉ፤ የተሻለውን አውራ በኮሚቴ መርጠው በጋራ ይጠቀሙበታል። የተመረጠ አውራ በግ ከሥጋ በግ የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

የተመረጠ አውራ በብዛት የሚፈልገው ገዢ ግን በአብዛኛው ድርጅት ነው። መሥሪያ ቤት ወይም የልማት ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል። በገበያ መካከል ቆሞ “ወገቡን ዳብሱት” ማለት እዚህ በቂ አይሆንም። የድርጅቱ የእንስሳት ባለሙያ የሚፈልገው የስድስት ወር ክብደቱንና የእናት የአባቱን መዝገብ ነው። ሐኪሙ የክትባትና የጤና ወረቀት ይጠይቃል። ሂሳብ ክፍሉ ከግለሰብ ገበሬ በደረሰኝ መግዛት ይቸግረዋልና ማኅበሩ ደረሰኝ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ሹፌሩ ስንት በግ በአንድ ጭነት እንደሚገባና የት እንደሚያሳርፍ ማወቅ አለበት። በጉ የሚሰጠው ገበሬ ደግሞ መልኩን፣ ቀንዱንና ላቱን አይቶ ይወዳል ወይም ይጠላል። መዝገቡ የቱንም ያህል ቢያማምር ጥቁሩን በግ የማይፈልግ ገበሬ ሸጦ ይገላገለዋል። ያን ጊዜ ፕሮጀክቱ ከሽፏል፤ ድርጅቱም ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ አውራ በግ የሚሸጥ ማኅበር ለአንድ በግ አምስት ዓይነት መልስ ይዞ መቅረብ አለበት። መዝገቡ ለባለሙያው፣ የጤና ወረቀቱ ለሐኪሙ፣ ደረሰኙ ለሂሳቡ፣ የማጓጓዣው ዕቅድ ለሹፌሩ፣ በጉ ራሱ ደግሞ ለገበሬው ነው። መዝገብ መያዝ ለመንዝ አርቢ የምርምር ጣጣ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። የገበያ ዕቃው ግማሹ እሱ ነው።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለትልቅ ኩባንያ ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ወጪው ግን አንድ ደብተር ነው። በአንድ ገጽ ላይ የደንበኛውን ስም መጻፍ፣ ከሥሩ አምስት መስመር ማስመር፣ በየመስመሩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራና መቼ እንደተነጋገሩ ማስፈር በቂ ነው። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይታያል። ሽያጭ የከሸፈበት ነጋዴ ብዙውን ጊዜ “ማን ከዳኝ?” ብሎ ይጠይቃል። ደብተሩን ገልጦ ቢያይ የሚያገኘው የከዳውን ሳይሆን ያላነጋገረውን ሰው ይሆናል።